አንድ ደረጄ

ልጅ ሳለሁ ሰው መሞቱ የሚረጋገጠው ቡና በስሙ ሲታዘዝ ይመስለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ያደግሁት እዚያው ነዋ! ኮልፌ፣ ከታክሲ ፌርማታው ጀርባ፣ እናቴ ጀበና ቡና በምትሸጥባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። ደንበኞቿ ወያላዎች፣ ለሳኞች፣ ቆሼ ላይ ፕላስቲክ ሲለቅሙ የዋሉ ሴቶችና ጡረተኞች ነበሩ። አዲስ ሰው የመጣ እንደሆነ እንደማንኛውም ሰው «በጤና አዳም» ወይም «ቀጠን አድርጊልኝ» ይላል። የኛ ሰዎች ግን «አንድ ሻምበል!» «ሁለት እትዬ ብርቄ!» እያሉ ነበር የሚያዙት፤ እናቴም ቀና ሳትል ትቀዳለች።

ሻምበል ማለት ስኳር ያልነካው፣ እንደፈላ የሚሰጥ ቡና ነው። እትዬ ብርቄ ደግሞ ከቡናው ስኳሩ የሚበዛ። ሁለቱም በአንድ ወቅት እዚያችው ክፍል ዱካ ላይ ተቀምጠው እንደዚያ አድርገው ሲጠጡ የኖሩ፣ ኋላም የሞቱ ሰዎች ናቸው።

ደንቡ እንዲህ ነበር። አንድ ደንበኛ ሲሞት፣ አርባው በወጣ ማግስት አመሻሽ ላይ አባባ ወርቁ ከመቀመጫቸው ተነስተው የሟቹን ቡና በሟቹ ስም ያዛሉ። አባባ ወርቁ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የፈጁ፣ ሪህ እግራቸውን የያዛቸው፣ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ሲያዙ ወያላው ሳይቀር ዝም ይላል። እናቴ ትቀዳለች፤ እሳቸው ስኒውን ይዘው የሰውየውን ታሪክ ከልደቱ እስከ ሞቱ ያወራሉ፤ መጨረሻ ላይ አንዴ ጨልጠው «በቃ፣ ነፍስ ይማር» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ዓይነት ቡና ሌላ ስም የለውም።

ያኔ መብራት በየሁለት ቀኑ ስለሚጠፋ ፋኖስ ከጣሪያው ሽቦ ላይ አይወርድም ነበር፤ እኔም ከከሰሉ ማዳበሪያ ጎን ኩርምት ብዬ፣ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ የአባባ ወርቁ ጥላ ቆርቆሮው ላይ ሲረዝምና ሲያጥር እያየሁ እሰማለሁ። ድምፃቸው የሞተር ነበር፣ ግን ሰው ሲያወሩ ሴቷንም ወንዱንም ይሆናሉ። «ብርቄን፣ አንቺ ሴትዮ ስኳሩን ቀንሺ ብላት ምን አለችኝ? ‹ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የቆሼን ግማት ስምግ ውዬ ይቺንም መራራ ልጠጣት?›» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ እትዬ ብርቄ እንዴት እንደታመመች፣ ማን እንዳስታመማት፣ በምን ቀን እንደተቀበረች ይመጣል። ማንም ሳያለቅስ ወጥቶ አያውቅም።

ተረቱን እወደው ነበር። አባቴ እስኪሄድ ድረስ።

አባቴ ደረጄ ለሳኝ ነበር። ሲሚንቶ ያደደራቸው ጣቶቹ መሀል ስኒ እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግረው፣ ቡናውን በሻይ ብርጭቆ፣ እስከ ግማሹ ብቻ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት ነበር የሚጠጣው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ፣ ከዚያም ባሕሩን ሊሻገር ወጣ። ከመተማ ደወለ። «ደርሻለሁ፣ አታስቡ፣ ወዲያ ስሻገር እደውላለሁ» አለ። አለቀ።

እናቴ ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ነበር የምትተኛው። አንዱ መጥቶ ካርቱም አየሁት ይላል፤ ሌላው ኧረ ባሕር በልቶታል ይላል። ያልሄደችበት ጠበል፣ ያልተሳለችለት ታቦት የለም። ጥቁር እንዳትለብስ ሬሳ የለ፣ እፎይ እንዳትል ባል የለ። ቀን ስትቀዳ ትውላለች፣ ማታ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች፤ ያጎረስኳት እንደሆነ ትውጣለች፣ ካላጎረስኳት ትረሳዋለች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈራው። ቡናው በስሙ ከታዘዘ አባቴ ሞተ ማለት ነው።

ስለዚህ አባባ ወርቁን እግር በእግር እከተላቸው ጀመር። ለሽንት ሲነሱ እንኳ ልቤ ቀጥ ይል ነበር።

«አባባ፣ የአባዬን እንዳያዙ። በእመቤቴ!»

«እኔን ምን ቆርጦኝ! ያልሞተ ሰው አላዝም። ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ፣ ነዝናዛ» ይሉኛል።

እሳቸው እንዲህ ቢሉም፣ ዓመት ዓመትን ሲተካ ሰው ማጉረምረሙ አልቀረም። አንዴ ከአባቴ ጋር ይሠራ የነበረ ለሳኝ እናቴን «ሙሉ፣ እስኪ ያቺን የደረጄን በብርጭቆ…» ብሎ ሲጀምር አባባ ወርቁ በከዘራቸው መሬቱን መትተው «ዝጋ አፍህን!» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ሻይ አዘዘ። እኔ በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ ያ የክረምት ምሽት መጣ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ጭሱ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እናቴ ከምድጃው ኋላ ተነሳች። የሻይ ብርጭቆ አንስታ እስከ ግማሹ ቀዳች፣ ጨው ጣል አደረገችበት። ከምድጃ ኋላ ሆኖ ያዘዘ ሰው በዚያች ቤት ታይቶ አያውቅም።

«አንድ ደረጄ» አለች።

ቀሚሷን ይዤ ጮህኩ። «እማዬ፣ አይሆንም! አልሞተም! እማዬ!»

አልተቆጣችኝም። «ማርቲዬ ደከመኝ» አለች። «አልቅሼ ልረፍ። ተይኝ።»

አባባ ወርቁ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አንቺ ሙሉ፣ ምን ነካሽ? ማን መጥቶ ምን ነገረሽ?»

«ማንም። የሚነግረኝ ነው እኮ የጠፋው ጋሼ፤ የገደለኝ እሱ ነው። ያውሩልኝና ይውጣልኝ።»

ብርጭቆውን ዘረጋችላቸው። እንቢ ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ተቀበሏት። ያኔ የጠላኋቸውን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። መናገር ጀመሩ። ጎጃም ውስጥ እንደተወለደ፣ በልጅነቱ ኮልፌ እንደመጣ፣ የለሰነው ግድግዳ ላይ ዝንብ ቆማ እንደምትንሸራተት፣ እናቴን ለመለመን ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ። ሰው ፈገግ አለ። እኔ የማላውቀውን አባቴን ሰማሁና፣ ሳልፈልግ፣ እንዳያቆሙ ፈለግሁ። መተማ ደረሱ። ደወለ አሉ። አቆሙ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶው እስኪመጣ ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። አባባ ወርቁ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ መለሱት፣ ደግመው አስጠጉ።

«አልችልም ሙሉ» አሉ በመጨረሻ። «ሰውን በግምት አልቀብርም። ይቅር በይኝ።»

እናቴ ቀና አለች። ለቅሶው አልመጣም። እንደዚያ የደረቀ ፊት ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።

ስሙ ግን አንዴ ተጠርቷል፤ የተጠራ አይመለስም። በማግስቱ ጠዋት አንዱ ወያላ በሩ ላይ ቆሞ፣ ምንም ሳያስብ፣ «አንድ ደረጄ!» አለ። እናቴ ቀዳችለት።

ዛሬ ክፍሏ የለችም፤ መንገድ ወጥቶባታል። አባባ ወርቁም አርፈዋል። እናቴ ቤቴል አብራኝ ትኖራለች፣ የስልክ ቁጥሯን ግን ቀይሪ ብላት አትሰማኝም። ደንበኞቹ ሲበተኑ ትእዛዞቻቸውን ይዘው ተበትነዋል። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ምንድነው እያልኩ አስባለሁ። ሰው ምንም ያህል ቢጎሳቆል አንድ ቀን የሚናገርለት፣ ታሪኩን ዳር የሚያደርስለት ሰው ያገኛል የሚለውን ያኔ አምኜ ነበር። የሻምበልን እስከ ዳር አውቀዋለሁ፣ የእትዬ ብርቄንም። የአባቴን ማን ይንገረኝ?

በቀደም ቤቴል ታክሲ ተራው አጠገብ አንዲት ልጅ ጀበና ቡና ስትሸጥ አይቼ አረፍ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ከስልኩ ሳይነቀል «አንድ ደረጄ» አላት። በሻይ ብርጭቆ፣ እስከ ግማሹ ቀዳች፤ ጨው ጣል አደረገችበት።

«እኔ የምልሽ፣ ደረጄ ማነው?» አልኳት።

«ኧረ እኔ እንጃ። የሞተ የድሮ ሰውዬ ነው አሉ።»

«አልሞተም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጎረምሳው ቀና አለ። ልጅቷ ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለሳኝ እንደነበር፣ ስኒ አልያዝ እያለው በብርጭቆ ይጠጣ እንደነበር፣ ልጅ እንደነበረችው፣ ከመተማ ደውሎ አታስቡ እንዳለ ነገርኳት። ልጅቷ ማራገቢያዋን አስቀምጣ ዱካዋን ወደኔ አስጠጋች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።