ከረባት ያሰረው አትክልተኛ

ሐምሌ የብርድ ወቅት በሆነባት በባላራት ከተማ፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ ባደረገ ቁጥር፣ አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርዶ ከፊት ለፊታችን ያለው ግቢ ይገባል። በር አያንኳኳም። የረገፈውን ቅጠል ይጠርጋል፣ አትክልቱ ሥር ጭድ ይጎዘጉዛል፣ ጽጌረዳውን ለጸደይ ይከረክማል። ለዚህ ሁሉ ጭቃ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነው የሚመጣው፤ ጽጌረዳዎቹ ለሥራ ሊቀጥሩት ቀጠሮ የሰጡት ይመስላል። የቤቱ እመቤት ሻይዋን ይዛ በመስኮት ታየዋለች። ቃል አይወጣትም።

ዛሬ ጎረቤቴ ግሌኒስ አላስቻላትም። አጥሩን ተደግፋ፣ «አባባ፣ እኔም እኮ ጽጌረዳ አለኝ! ወይስ የእኔ ለከረባትዎ አይመጥንም?» አለችው።

«የዚህን ግቢ ጽጌረዳ የተከልኩት እኔ ነኝ» አላት።

«ለመሆኑ ለቤቱ እመቤት ምኗ ነዎት?»

«ባሏ ነበርኩ።»

ግሌኒስ ከአጥሩ ፈቀቅ አለች። ሰፈራችን እሷ ስታፈገፍግ አይቶ አያውቅም።

እሱ ወደ መቀሱ ተመልሶ አንድ ቅርንጫፍ እንደቆረጠ የእመቤቲቱ መስኮት ተከፈተ።

«ዝቅ አድርገህ ቁረጠው እንጂ! እስከ ዛሬ አልገባህም፣ አንተ ደነዝ?»

ሽማግሌው ቀና አለ። ይህን ስድብ ስንት ክረምት እንደጠበቀው እንጃ፤ ፊቱ ግን ምርቃት እንደተቀበለ ሰው በርቶ ነበር።