የካሮት ላሞች

ካልቶማ ሄሉ በተባለች ከተማ ገበያ ላይ ጎመንና ካሮት በመቸርቸር ያረጀች፣ ቁጣ የሚቀድማት ሴት ናት። በ1998ቱ ድርቅ የአርብቶ አደሩ ወንድሟ ከብቶች ዳበል በተባለው የግጦሽ አገር ሲያልቁ፣ የአምስት ዓመት ልጁን ናስራን አምጥቶ ለእሷ ሰጣት። ወተት ብቻ ጠጥታ ያደገችው ልጅ ግን የቀረበላትን ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ስታይ አፏን ገጠመች።

«አክስቴ፣ ቅጠል የላም ነው» አለች።

«ላሟስ የታለች? ብዪ! ካልበላሽ ትሞቻለሽ!» ብላ ጮኸችባት ካልቶማ።

ወዲያው ቆጫት። እንድትበላላት ብላ ካሮት ጠርባ፣ በክብሪት እንጨት እግርና ቀንድ ሠርታ፣ አምስት ላሞች ሰሃን ላይ አቆመችላት። ናስራ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። በየስማቸውም ጠራቻቸው፤ በሞቱት ላሞች ስም። አንዷንም ግን አልቀመሰችም።

በሦስተኛው ቀን ካልቶማ ከገበያ ስትመለስ ካሮቶቹ ተጨማደው፣ ሁለቱ በጎናቸው ወድቀው አገኘች። ናስራ ጎመኑን በጣቷ እየበጣጠሰች አፋቸው ሥር ታስጠጋለች፤ እያለቀሰችም ትቆጣቸዋለች።

«ብሉ! ካልበላችሁ ትሞታላችሁ!»