ማሽኑ እንዲሰበር የተሳልኩት ስለት

ልጄ ቀራንዮ ሰፈር በሚሠራ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ተቀጠረች። ሥራዋ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቱቦ ቀብሮ ቤቱን የመሬት ሙቀት በሚስብ ማሽን ማሞቅ ነው ስትለኝ «ወየው ልጄን!» አልኩ። እኔ የማውቀው የመሬት ሙቀት ፍል ውሃን ነው፤ ልጄ ስትቀቀል ታየኝ። ሥራውን ተይ ብላት እምቢ አለችኝ። ሮጬ መድኃኔዓለም ሄድኩና «ማሽኑን ስበርልኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አራተኛ ክፍል የቆመ ጭንቅላት የሚያመጣው መላ ይሄው ነው።

በማግስቱ ምሳ ላድርስ ብዬ ልሰልላት ሄድኩ።

«ቱቦውን ንኪው እማዬ» አለችኝ።

ጣቴ ገና ሲያርፍ «ተቃጠልኩ!» ብዬ ጮህኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ለካ ቱቦው ቀዝቃዛ ነው።

«መሬት ውስጡ አይፈላም፤ እንደ ላዩም አይቀዘቅዝም» አለችኝ። «ቱቦው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ትንሽ ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ማሽኑ ያንን ጨምቆ ያግለዋል። ፍሪጃችን ከጀርባው አይሞቅም እንዴ? የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ እያወጣ እኮ ነው።»

እውነቷን ነው፤ እኔም ካልሲ የማደርቀው እዚያ ነው።

ከዚያ ማሽኑን ሲያስነሱት ተንገራገጨና ዝም አለ።

«ዛሬ ካልሠራ ያባርሩኛል» አለች ልጄ፣ ፊቷ ጠቁሮ።

ወደ ግድግዳው ዞሬ «የትናንቱን ተወው፤ አስነሳውና ሁለት ጃንጥላ አገባለሁ» እያልኩ ተማፀንኩ። ልጄ የላላ ሽቦ አግኝታ አጠበቀች፤ ማሽኑም ተነሳ።

«ከግድግዳ ጋር ምን ታወሪያለሽ?» አለችኝ።

«ምሳሽ ቀዘቀዘ፣ ብዪ» አልኳት።