የአባባ ጠመንጃና የወንድሜ ጌም

የወንድሜ ልጅ ከሚጫወተው የጦርነት ጌም ውስጥ ጠመንጃ ሲቀባበል «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ በሐይቅ ዳሯ ከተማ ዓባይ ማዶ ሰፈር ያለው የልጅነት ቤታችን ይመጣብኛል፤ አባባ፣ የአባቴ አባት፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን በቅባት ጨርቅ እየወለወሉ በየመሃሉ ሲያቀባብሉት፣ ቤቱን የሚሞላው ድምፅ ይኸው ነበር።

ዓይናቸው ደክሞ ከአገራቸው ከደልጊ ወደ እኛ ሲመጡ ይዘውት መጥተው፣ «አባቴ ከጣልያን የማረከው ነው» ይሉ ነበር፤ እኔም በክፍል ጓደኞቼ ፊት እንዴት እኮራበት ነበር!

ክረምት ገብቶ፣ ትምህርት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቤት ሲያውለን፣ ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ያስገለበጠውን ጌም በአሮጌ ኮምፒውተር ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ጣልያኖች የሚዋጉበት ቦታ ደርሶ፣ ጌሙን አቁሞ፣ «አባባ፣ የጣልያን ጠመንጃ የጥይት ካዝናው ከቃታው ፊት ወጣ ያለ ነው፤ የእርስዎ ለምን ልሙጥ ሆነ?» አላቸው።

አባባ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው አዩና፣ «ይኸን የሠራው ሰው መቼ ጣልያንን አየና? ወታደሩ ወንዝ ሲሻገር እንኳ ጠመንጃውን ከፍ አላደረገም! ወግድ!» አሉ። ዮናስ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ድምፃቸው ቀጥኖብኝ ጠረጠርኋቸው።

ከዚያ ወዲያ የሚያወሩትን ሁሉ እጠረጥር ነበር፤ ጥይት የመታኝ ነው የሚሉትን የክንዳቸውን ጠባሳ ሳይቀር «ውሻ ነክሷቸው ይሆናል» እል ነበር። እሳቸውም በፊናቸው ኮምፒውተሩን በክፉ ዓይን እያዩ፣ ጠመንጃውን ፍራሻቸው ሥር ይደብቁት ጀመር። ደግ ክረምት አልነበረም።

መስከረም ጠብቶ ሐይቁ ሲረጋ፣ ሕመም ጠናባቸውና ሁለታችንን ጠሩን። «የተማረከውንስ በደርግ ጊዜ ወሰዱብኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፤ «ይኸን የገዛሁት በአባቴ ለቅሶ ባዶ እጄን እንዳልቆም ብዬ ነው። ስሞት ውሸት ነው ብላችሁ እንዳታስቀሩብኝ፣ ልጆቼ።» በአገራቸው የአርበኛ ልጅ ያለ ጠመንጃ ከተለቀሰለት ውርደት ነው። አንጀቴን በሉት።

በጥቅምት አረፉ። ደልጊ ላይ ዮናስ ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ «የጣልያን ምርኮ!» እያለ እየፎከረ ለቅሶው መሃል ሲገባ፣ ማን ያውቅብን ይሆን ብዬ የሽማግሌዎቹን ፊት እቃኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ተጠግተው፣ ካዝናው ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ በጣታቸው ዳብሰው፣ ዮናስን ትክ ብለው አይተው፣ አፈሙዙን ስመው ወደ ለቀስተኛው ተመለሱ። ማወቃቸውን እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

አሁን የጌሞቹ ጠመንጃ ብሎኑ ሳይቀር ልክ ነው ይላል የዮናስ ልጅ። ባለፈው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ ከደጅ የሰማነው ተኩስ የምን መሣሪያ እንደሆነ በስሙ ነገረኝና፣ «በጌሙም ልክ እንዲሁ ነው የሚጮኸው» አለኝ። ያኔ የአባባ ወሬ ውሸት እንዳይሆን ነበር የምፈራው፤ ዛሬ የጌሙ እውነት መሆን ያስፈራኛል።