ማስተርስ በማዳበሪያ መጋዘን

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ሞልቷል ተባለና ከረጢቶቹ ወጥተው እኛ ገባንበት። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ነጭ ፍሬ የጠረገው አልነበረም። እርጥበት ሲነካው እግር ይለበልባል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከበሩ በስተግራ ጥግ ላይ የምንጸዳዳበት ባልዲ አለ። ክዳን የለውም። የሚደፋው ጠባቂው ደስ ሲለው ነው፣ ጠባቂው ደግሞ ቶሎ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም።

የወረዳዋን ስም አልጠራም። ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና ላይ ወገብ እስኪቆረጥ ተንገጫግጮ የሚደረስባት ብርዳም ደጋ ናት። እኔ እዚያ የእቅድ ባለሙያ ነበርኩ። ጥፋቴ አንድ ነው። ስለ ማዳበሪያ ስርጭት «ሕዝቡ ይወያይበት» ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና «ውሳኔው ባለፈው ሳምንት ደርሶናል፤ ታዲያ ዛሬ የምንወያየው ምኑን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የሳቀው ወደ ቤቱ ሄደ፣ እኔ ወደ መጋዘኑ።

ስገባ ስምንት ሰዎች አገኘሁ። ሰባቱ ማዳበሪያ አንወስድም ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ማዳበሪያ አልፈልግም ያለን ሰው ማዳበሪያ ቤት ማሰር የማን ሐሳብ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስምንተኛው ቁርአን የሚያስቀሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ሸህዬ እንላቸዋለን። የታሰሩት ደረሳ ተማሪዎቻቸውን ከቂርአት ትምህርት አስነስተው ለካድሬ ስብሰባ አልልክም በማለታቸው ነው። ገና በሩ ሳይዘጋ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቦታ ሰጡኝ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «የገባ ሁሉ ይወጣል።»

እኔን ግን የሚያንገበግበኝ መውጣቱ ሳይሆን ቀኑ ነበር። ከመታሰሬ በፊት ተፈትኜ በመንግሥት ሥራ አመራርና በፖሊሲ አቀራረጽ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ አልፌያለሁ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ዓርብ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፣ ወረዳውም ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠኝ አይመስልም። ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ያኔ ፖሊሲ እንዴት እንደሚጻፍ ባውቅ ከዚህ ሁሉ ጉድ ትንሹን እንኳ አቃናለሁ ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ይህን ለሸህዬ ነገርኳቸው።

«ዒልም የፈለገ ሰው መንገዱ ይረዝምበት ይሆናል» አሉ፣ «አይዘጋበትም።»

ማክሰኞ ጠዋት ጠባቂው መጥረጊያ ይዞ ገባ። ዓይናችንን ማመን አቃተን። ወለሉን ጠረገ። ድፋልን ብለን ስንት ቀን የለመንነውን ባልዲ አንስቶ ወደ ውጭ አወጣው። ከትምህርት ቤት የመጡ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። በመጨረሻ በትሪ ብስኩትና ለስላሳ መጣ። አንዱ ገበሬ «ሊገድሉን ነው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ ገባ። ከረባት አስሯል፤ በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው ሽቶ የተነከረ መሐረብ ይዟል። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ዞር ዞር ብሎ አየንና ፈገግ አለ። እሱም ማስተርስ እየተማረ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንኑ እኔ ያለፍኩበትን ትምህርት ነው። እኔ በፈተና፣ እሱ በድርጅት ኮታ።

«እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንደ አስተዳዳሪ አይደለም የመጣሁት፤ እንደ ተማሪ ነው» አለ። «የመመረቂያ ጽሑፌ የሕዝብ ተሳትፎ በፖሊሲ አወጣጥ ላይ ነው። አማካሪዬ ከገበሬዎች ጋር የቡድን ውይይት አድርግ አለኝ። ወቅቱ ደግሞ የእርሻ ሥራ ነው፣ ገበሬ በየት ተሰብስቦ ይገኛል?»

ተሰብስበን የተገኘነው እኛ ነበርን።

ከወግዲ በኩል የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነገሩ ግምገማ መሰለው። ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ፣ ቆቡን አወለቀ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ጥፋቴን አምናለሁ። የአመለካከት ችግር አለብኝ። ልማቱን በሚገባ አልተቀበልኩም» አለ በአንድ ትንፋሽ።

«የለም የለም፣ ተቀመጥ! ይሄ ምርምር ነው፣ በነፃነት ነው የምትናገሩት። ብስኩት ብሉ።» ሰውየው ግራ ገባውና ብስኩቱን አነሣ። ምክትሉ ወረቀቱን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። «ተሳትፎዎ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። መሳተፍ ካልፈለጉ የመተው መብትዎ የተጠበቀ ነው። ባለመሳተፍዎ ምክንያት ምንም ዓይነት ጉዳት አይደርስብዎትም።» ድምፁ የገበያ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። ያነበበውን እሱ ራሱ የሰማው አልመሰለኝም።

ሸህዬ ግን ሰምተዋል። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ያችን እስቲ ድገሟት» አሉ።

ደገማት።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው። ያለ ፈቃዳችሁ ብጠይቅ አይቀበለኝም። ለዚህ ነው የምትፈርሙት፤ መጻፍ ለማይችልም ጣት አለ።»

«አላህ ይስጠው፣ ደግ ሰው ነው» አሉ ሸህዬ። ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ አልነበረም። «ስንያዝ የጠየቀን የለም። እዚህ ስንገባ የጠየቀን የለም። ጁምአ ሲያመልጠኝ የጠየቀኝ የለም። እንዲህ ከተጠየቅሁማ፣ ወላሂ፣ አልፈልግም።» ፊታቸው የተቀመጠውን ብስኩትና ለስላሳ በእጃቸው ጀርባ ቀስ ብለው ወደ ትሪው ገፉት። «ትምህርትህን አላህ ያግራልህ» ብለው መረቁትና ከወንበሩ ወርደው ግድግዳቸው ሥር ተቀመጡ።

አንድ ገበሬ ተነሥቶ ከሸህዬ ጎን ተቀመጠ። ሌላውም ተከተለ። ያ ጥፋቱን ያመነው የወግዲው ሰው ብስኩቱን አፉ ውስጥ አድርጎ ነበር። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ በጣቱ አውጥቶ የታኘከውን ትሪው ላይ መለሰና እሱም ሄደ። ያን ትሪ ዛሬም አልረሳውም። የተጸየፍኩት ግን ሰውየውን አልነበረም።

ምክትሉ ፊቱ ቀላ። «ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው የሚደርስበትን ያውቃል!» ብሎ ጮኸ፣ አሁን «ምንም ጉዳት አይደርስብዎትም» ባለበት አፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በጣቱ ጠርቶኝ ወጣ።

ከግድግዳው ውጭ ቆምን። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ አስረዳልኝ» አለ። «እሱም ይቅር። ስምንቱ የሚሉትን ታውቀዋለህ፤ አሳምረህ ጻፈውና አወያይ ብለህ ፈርም። ሐሙስ ጠዋት ትወጣለህ። ዓርብን ትደርስባታለህ።»

ዓርብን ያውቃል። የመግቢያ ደብዳቤዬ በእሱ ጠረጴዛ በኩል ነው ያለፈው።

ፈለግሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ሐሙስ ጠዋትን እንደ ውኃ ጥም ፈለግሁት። ስምንቱ የሚሉትንም አውቅ ነበር፤ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ብዕሩን ዘረጋልኝ። መሐረቡን በሌላ እጁ አፍንጫው ላይ እንደያዘ ነው። የሽቶው ሽታ ከመጋዘኑ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲመጣብኝ ምራቅ አፌን ሞላው፣ ሊያስመልሰኝ ደረሰ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ትምህርት ከረባት አስሮ ፊቴ ቆሟል፤ እስረኛውን ለድምፁ ይፈልገዋል፣ ጠረኑን ግን አይችለውም። ዓይኔ እያየ ያ ትምህርት ጠነባብኝ።

«እኔም ፈቃደኛ አይደለሁም» አልኩት።

«አብደሃል? ዕድሜ ልክህን ነው የሚቆጭህ።»

«ይቆጨኝ።»

«ባልዲያቸውን መልስላቸው!» አለ ወደ ጠባቂው እየጮኸ። ጠባቂው ባልዲውን ከግድግዳው ጀርባ ያስቀመጠው ሳይደፋው ነበር፤ እየተጸየፈ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። ቀደምኩት። እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ በምክትሉ አጠገብ አለፍኩ። ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሸሸ። መልሼ አላየሁትም። ባልዲውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩና እጄን የማደርግበት አጥቼ ቆምኩ። ሸህዬ ለሶላት ውዱእ ካስቀመጧት ጥቂት ውኃ አፈሰሱልኝ።

«ና ተቀመጥ» አሉ። አንዳቸውም አላመሰገኑኝም፤ ስለ ጉዳዩም ያን ቀን ያወራ የለም።

ዓርብ መጣ። ሸህዬ ጁምአው ቢያመልጣቸው ጋቢያቸውን አንጥፈው የቀትሩን ዙህር ሰገዱ። እኔ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ወደ አስር ሰዓት ገደማ፣ የመመዝገቢያው መስኮት አሁን ተዘጋ ብዬ ሳስብ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የወግዲው ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ማስተርሱን ከተፈታሁ ከዓመታት በኋላ በራሴ ወጪ ተማርኩት፣ ሌላ ከተማ፣ ፀጉሬ ሸብቶ። አሁን የማስተምረውም እሱኑ ነው። ተማሪዎቼ ትምህርቱን እወደው እንደሆነ ሲጠይቁኝ ወደ ሌላ ወሬ እወስዳቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ለአንድ ሥልጠና ሄጄ ያ ምክትል አስተዳዳሪ አሠልጣኝ ሆኖ ገጠመኝ። ግንባሩ ተጨማድዷል፣ ከረባቱ ግን እንዳለ ነው። ዶክተር ይሉታል። ከሩቅ አይቶኝ እጁን ዘርግቶ መጣና አብረውት ላሉት፣ «ይሄን ታዩታላችሁ? የመመረቂያዬን የቡድን ውይይት ያበላሸብኝ ጉደኛ ነው!» እያለ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። የት እንደተበላሸበት ማንም አልጠየቀም።

«ታዲያ ውይይቱን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ጻፍኩት እንጂ!» አለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቄ ገርሞት። «ሕዝቡ የሚለው ይጠፋኛል እንዴ?»

ከዚያ «እነዚያ ተሳታፊዎቻችን ደኅና ናቸው?» አለኝ። እስረኞች አላለም። ሸህዬ ማረፋቸውን ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የእሳቸውን ሞት ለዚያ ሰው መስጠት ቀፈፈኝ።

ምሳ ሳልበላ ወጣሁ። በፒያሳ በኩል ቁልቁል ስሄድ ብስጭቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፣ መቀፈፉ ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም። በዚያ ወረዳ ስንት ስብሰባ ተቀምጬ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ ላይ «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ደገፈ» ብዬ ጽፌአለሁ። ሕዝብ የምር ተጠይቆ የምር ሲመልስ ያየሁት ያን ማክሰኞ ብቻ ነው።