አባዬ የጸለየላት ኮምፒውተር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለእናቴም፣ ሆዴን ለማልደብቃት ጓደኛዬም ቢሆን። እናንተ ግን አታውቁኝምና ለእናንተ ልናዘዝ። የቤታችንን ኮምፒውተር የገደልኳት እኔ ነኝ። ያስነሳኋትም እኔው ነኝ።

የአዳማን ሙቀት ስለማትችል የሲፒዩዋ ጎን ሁልጊዜ እንደተከፈተ ነበር። ቬንትሌተሩም ለእሷ ተሰጥቶ፣ እኛ እያላበን እሷ ትናፈስ ነበር። እስክትነሳ ድረስ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። እኔ የአርክቴክቸር ተማሪ ነበርኩ፤ አንድ መስመር አስምሬ ሌላውን እስክታሳየኝ አረጅ ነበር። አባዬ ደግሞ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የሚያስተምረውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በሁለት ጣቱ እየለቀመ ይጽፍባታል። እኔ “በላፕቶፕ ትቀየር” ስል እሱ “ራም ቢጨመርላት ትሮጣለች” ይላል። ስንጨቃጨቅ ከረምንና “ቅዳሜ እንወስናለን” አለ።

አርብ ከሰዓት ምን አደረግኩ? ያቺን ጣት የምታህል ራሟን ነቀልኩ፤ ያለ እሷ አትነሳም። ለሞተ ኮምፒውተር ማን ራም ይጨምራል ብዬ። የት ደበቅኳት? ዚፕ ባለው የመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ውስጥ። አቤት ድፍረቴ!

ቅዳሜ አባዬ ቁልፏን ሲጫን ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ ብቻ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥገና ቤት ይደውላል። የእኔ አባት የጸሎት ቡድኑን ጠራ።

ስድስት ሰዎች ሳሎናችንን ሞሉት። መሪያቸው ጋሽ ቶሎሳ ሞኒተሩ ላይ እጃቸውን ጭነው በኦሮምኛ “ያ ዋቃዮ!” ብለው አምላክን መጥራት ገና ሲጀምሩ፣ ቢፕ አለች።

“ይጮኻል! ይጮኻል! ልቀቃት!” አሉ፣ እርኩስ መንፈስ ያገኙ መስሏቸው።

ሳቄ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ከዚያ የአባዬን ድምፅ ሰማሁ። “ጌታ ሆይ፣ የስምንት ዓመት ትምህርቴ እሷ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም” እያለ ያለቅሳል። ጽሑፍ ራም ላይ እንደማይቀመጥ እኔ አውቃለሁ፤ እሱ በምን ይወቅ? አባቴን ለላፕቶፕ ብዬ አስለቀስኩት። እኔ። የገዛ ልጁ።

ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። ጠረጴዛው ስር ተንበረከክሁና ሶኬቱን ነቀልኩ። ቢፕ ቢፑ ቆመ። “ወጣ!” አሉ ጋሽ ቶሎሳ። እኔ የያዝኩትን መጽሐፍ ቅዱስ ዚፕ ከፍቼ ራሟን መለስኩ፤ ሶኬቱንም ሰካሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ አባዬ ቁልፏን ተጫነ። እንደ ልማዷ እየተጎተተች ተነሳች። እልልታው ጎረቤቱን ሁሉ ጠራው።

ላፕቶፑስ? “ጌታ የፈወሳትን እኔ ማን ነኝና እቀይራለሁ?” አለ አባዬ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ? የመመረቂያ ሥራዬን በእሷው እያለቀስኩ ጨረስኩ።

እስከዚህ ድረስ ብትስቁ አልቀየማችሁም። ግን አባዬ ይህን ተአምር በየሄደበት ይመሰክራል፤ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ። ባለፈው ወር ቢሾፍቱ አብሬው ሄጄ ነበር። ጉባኤው ሲበተን ልጇ የታመመባት አንዲት ሴት ወደ እኛ መጣች።

“ኮምፒውተሩን ያስነሳ አምላክ ልጄንም አይተዋትም፣ አይደል ጋሼ?” አለችው።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። “ይኸው ልጄ እዚያው ነበረች። ንገሪያት።”

ራሟን ስነቅል ልጅ ነበርኩ፣ አላስተዋልኩም ልል እችላለሁ። ቢሾፍቱ ላይስ ምን ነበርኩ? እውነቱን ብናገር አባዬ በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ሴትየዋም ተስፋ ትቆርጣለች ብዬ ነው? ወይስ ለራሴ ፈርቼ? ለራሴ ፈርቼ ነው።

“አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ” አልኳት።

ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። እኔም አሳለምኳት።