አንዲት «ቱ» እና ሁለት ሥራዋ

ልጄ አግብታ ኤድመንተን ከገባች ወዲህ ለንደን ኪልበርን ያለው ቤቴ ጭር ብሏል። ዘንድሮ ግድግዳ የምንጋራው ቤት ውስጥ አንዲት አየርላንዳዊት አሮጊት ገቡ። ደረጃው ላይ አገኙኝና «ብቻሽን ነሽ እንዴ? እሁድ እሁድ እኔ ዘንድ ሻይ ጠጪ እንጂ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ! ግን በመጀመሪያ ጥሪ እሺ ይባላል እንዴ? ለወጉ ትንሽ መግደርደር አለ። «ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ» ማለቴ ነበር፤ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ አሎን» አልኳቸውና ደግመው እስኪለምኑኝ ጠበቅሁ።

ፊታቸው በራ። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ብለውኝ ገቡ።

ብቻዋን ለቀረች ሴት እንኳን ደስ ያለሽ? ቆሽቴ አረረ። ከዚያ ወዲህ ፈገግ ብለውልኝ ያልፋሉ እንጂ የሻዩን ነገር አላነሱትም። ካልጠሩኝ ይቅርባቸው ብዬ እኔም ኮራሁ። እሁድ ሲመጣ ግን በግድግዳው በኩል የሰው ሳቅ ይሰማኛል። ማንን ጠርተው ይሆን እያልኩ፣ ለራሴ የቀዳሁት ሻይ ይቀዘቅዛል። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ? መድኃኒቴ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ እኔ ወዲህ ማዶ ቀረሁ።

ሂትሮው የጽዳት ሥራዬ ላይ ፈረቃ ሲቀየርልኝ እንግሊዝኛ ትምህርት ጀመርኩ። አስተማሪያችን፣ ልጄን የምታክል ልጅ፣ አንድ ቀን «ቱ»ን አመጣች። እኛ «መሄድ» ለማለት «መ» አለን፣ «ወደ ገበያ» ለማለት «ወደ» አለን። እነሱ ሁለቱንም ሥራ በአንዲት ቱ ነው የሚያሠሩት! ሥራ እሄዳለሁ ስል «ቱ ዎርክ»፣ መሥራት እፈልጋለሁ ስልም «ቱ ዎርክ»። ምን ዓይነት ስስት ነው?

«ቀጥሎ የሚመጣውን ቼክ አድርጊ» አለችኝ እየሳቀች። «ባዶ ግስ ከሆነ ንዑስ አንቀጽ ነው፣ ‹መሥራት› እንደ ማለት። ስም ከሆነ፣ ወይም ግሱ ‹ኢንግ› ከጨመረ፣ ቱ መስተዋድድ ናት። እስቲ ስለ ራስሽ አንድ ዓረፍተ ነገር።»

ያቺኑ የለመድኳትን ወረወርኩ፤ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ አሎን።»

«ጎበዝ! ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከማንም።»

«እንግዲያው ተሳስተሻል። ‹ድሮ ብቻዬን እኖር ነበር፣ ዛሬ ግን ሰው አለኝ› ነው ያልሽው። ለምጃለሁ ለማለት ‹አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ አሎን› ነው።»

ምላሴን በቆረጠው! ለካ አሮጊቷ ባል አግብታለች ብለውኝ ኖሯል። ያ ሁሉ ፈገግታ ለሌለ ባል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

እሁድ ሄጄ አንኳኳሁ። አም፣ ሊቪንግ፣ አም፣ ሊቪንግ ስል ነው ያደርኩት። ከፈቱልኝ። ከጀርባቸው ያ ሳቅ ተሰማኝ፤ አየት ባደርግ ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም፣ የሚስቀው ቴሌቪዥኑ ነው።

«አይ አም...» ብዬ ጀመርኩ። ሳላስበው መሀል ላይ «ኖት» ገባችብኝ። «ኖት ዩዝድ ቱ ሊቪንግ አሎን።» ብቻዬን መኖር አልለመድኩም አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዋስዉም ልክ ሆነ፣ እውነቱም ወጣ።

«እኔም» አሉና በሩን ሰፋ አድርገው «ግቢ» አሉኝ።

ደግመው እስኪለምኑኝ አልጠበቅሁም።